ብሻሪ ስትሄዱ ጫማችሁን አታውልቁ

የአንባቢ ደብዳቤ፦

«እትዬ፣ እንደምን ከረሙ? ቤሩት ከገባሁ ሰባት ዓመቴ ነው። ከማዳም ቤት ወጥቼ አሁን ዶራ አካባቢ ከጓደኞቼ ጋር ተከራይቼ እኖራለሁ። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የምንገናኝ አምስት ሴቶች ነን። በመስከረም አንዱን እሑድ ወደ ቃዲሻ ሸለቆ፣ ብሻሪ የምትባል የተራራ ከተማ ደርሰን ለመመለስ ተነጋግረናል። እኔ ግን ፈርቻለሁ። አምና ከእነዚሁ ልጆች ጋር ተራራ ላይ ያለ አንድ የማሮናውያን ክርስቲያኖች መንደር ሄደን ነበር። ቅዳሴ ላይ ደረስን። አንዷ ስልኳን አውጥታ ቪዲዮ መቅረጽ ጀመረች። አንድ ሽማግሌ ተነስተው በሰው ፊት ገሠጹን። ስንወጣ ደግሞ አንዲት ሴት ‹የማን ሠራተኞች ናችሁ?› አለችን። እንባዬን ዋጥ አድርጌ ተመለስኩ። ሳስበው ሽማግሌው ልክ ናቸው። የሴትዮዋ ነገር ግን እስካሁን ያንገበግበኛል። ሰው ሳናስቀይም፣ እኛም ሳንዋረድ እንዴት ደርሰን እንመለስ? እነሱ ቤተ ክርስቲያን መግባትስ ለእኛ ለተዋሕዶዎች ይፈቀዳል? ቤት ግቡ፣ ቡና ጠጡ ቢሉንስ?

የዶራዋ»

የዶራዋ እህቴ፣

ሁለቱን ነገር ለይተሽ ማየትሽ ደስ አሰኝቶኛል። ሽማግሌው የተቆጡት ስለ ቤተ ክርስቲያናቸው ነው። እኛ ጋ ቢሆን ኖሮ በመቋሚያ ጎሸም ያደርጓችሁ ነበር። (ነበር ነው የምለው። ዛሬማ እኛም ጋ ስልኩ ከጽናጽሉ በልጧል።) ወደ ሴትዮዋ በኋላ እመለሳለሁ። መጀመሪያ የእኔን ጉድ ልንገርሽ።

እኔም ቤሩት ሳለሁ ከሦስት እህቶች ጋር እንዲሁ ተራራ ላይ ወዳለ መንደር ሄጄ ነበር። ወሩ መጋቢት ነው። ጥላ ሥር ያለው በረዶ ገና አልቀለጠም። የቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ስንደርስ እንደ ለመድነው ጫማችንን አውልቀን፣ በረድፍ ደርድረን ገባን። ወለሉ ድንጋይ ነው። እግራችን እስከ ጉልበት ደነዘዘ። ቀና ብለን ስናይ ሕዝቡ ሁሉ ጫማውን እንዳደረገ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ተመልሰን እንዳንወጣ አፈርን። ትንሽ ቆይቶ ጥቁር የለበሱ አንዲት አሮጊት ከኋላ መጡና አራት ጥንድ ጫማ እግራችን ሥር አስቀመጡ። የራሳችንን ነው። ጎንበስ ብለው የታናሻችንን እግር በመዳፋቸው ነካ አደረጉና «ያ ሐራም» አሉ፣ ምስኪን ማለታቸው ነው። ከቅዳሴ በኋላ ቤታቸው ወስደው ለየራሳችን የሱፍ ካልሲ ሰጡን። ድሆች መስለናቸው ይሁን ጻድቃን፣ እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

ስለዚህ ጫማችሁን አታውልቁ። የእነሱ ሥርዓት አይደለም። ወንድና ሴት ተለያይቶ መቆምም የለም፣ ቤተሰብ አንድ ወንበር ላይ አብሮ ይቀመጣል። ነጠላ ግዴታ አይደለም፤ ለብሳችሁ ብትገቡም ማንም ክፉ ቃል አይናገራችሁም፤ አሮጊቶቹ እንዲያውም ደስ ይላቸዋል። ትከሻና ጉልበት ግን ይሸፈን። እሱን ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው።

መግባት ይፈቀዳል ወይ ላልሽው፣ ፈቃዱን የምትጠይቂው ከንስሐ አባትሽ እንጂ ከእኔ አይደለም። የማውቀውን ግን ልንገርሽ። ማሮናውያን ስማቸውን ያገኙት በአራተኛውና በአምስተኛው መቶ ዓመት ሶርያ ውስጥ ከኖረ ማሩን ከሚባል መናኝ ነው። ከሮማው ጳጳስ ጋር አንድ ናቸው፣ ካቶሊኮች ናቸው ማለት ነው። እኛና እነሱ የተለያየነው በ451 በኬልቄዶን ጉባኤ ነገር ነው። ስለዚህ ቆመሽ መጸለይና መቁረብ አንድ አይደለም። ቁርባን ሲደርስ ሰዉ ተሰልፎ ይወጣል። ካህኑ ብዙ ጊዜ ኅብስቱን ከወይኑ አጥቅሶ ያቀብላል። እናንተ ባላችሁበት ቁጭ በሉ። ማንም ዞሮ አያያችሁም። ከእነሱም ውስጥ የማይቆርበው ብዙ ነው። ላለማስቀየም ብሎ ተሰልፎ መቀበል ግን ለእነሱም ለእኛም ክብር አይደለም።

አሁን ደግሞ የምወደውን ነገር ልንገርሽ። ቅዳሴያቸው በአብዛኛው በአረብኛ ነው። መሐል ላይ ግን አሮጌው ቋንቋቸው ሱርስት ይመጣል። «ቃዲሻት አሎሆ፣ ቃዲሻት ሐይልቶኖ፣ ቃዲሻት ሎ ሞዩቶ» ሲሉ ጆሮሽን ጣል አድርጊ። ምንድን ነው? «ቅዱስ እግዚአብሔር፣ ቅዱስ ኃያል፣ ቅዱስ ሕያው ዘኢይመውት» ነው! ቅዱሱ ቅዱስ ነው፣ ኃይሉ ኃይል ነው፣ ሞቱም ሞት ነው። አረብኛው ሳይገባኝ የቆምኩ ሴት፣ እዚያ ቦታ ላይ ስደርስ ዕንባዬ መጣ። ሸለቆው ራሱ ስሙ ቃዲሻ ነው፣ ቅዱስ ማለት። ቅዳሴውን «ቁዳስ» ይሉታል፣ ቁርባኑን «ቁርባን»። በየጥጉ የምታነቢው «ማር» ደግሞ ለቅዱሳን የሚሰጥ የሱርስት ማዕረግ ነው። ቤሩት ውስጥ ማር ሚኻኤል እያልሽ ስትመላለሺ ቅዱስ ሚካኤል ማለትሽ ነበር።

ሌላ አንድ ቦታ ላይ ደግሞ እንዳትደናገጡ። ሰላምታ የመሰጣጣት ሰዓት አለ። ሰላሙ ከመሠዊያው ይነሣና ከሰው ወደ ሰው በእጅ ይተላለፋል። አጠገብሽ ያለችው ሁለት እጇን ገጥማ ወደ አንቺ ስትዞር በሁለት እጅሽ ተቀበያትና ለሚቀጥለው አስተላልፊ። የእኛው «ተአምኁ በበይናቲክሙ» ነው፣ እነሱ በእጅ ያደርጉታል እንጂ። በዚያች ቅጽበት እጅ መሰብሰብ ያስቀይማል። አንቺም ያን ጊዜ ከሚጨብጥሽ እጅ የማን ሠራተኛ እንደሆንሽ የሚጠይቅ የለም።

ስልኩ ቦርሳ ውስጥ ይቆይ። ቅዳሴው ካለቀ በኋላ ካህኑን ጠይቃችሁ ሕንፃውን ማንሳት ትችላላችሁ። ሰው ማንሳት ግን ሌላ ነገር ነው። ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ኩሳ የምትፈለፍል አሮጊት ለፎቶ ታምር ይሆናል፣ እሷ ግን ቤቷ ነው። እናትሽ እንጀራ ስትጋግር የማታውቃት ሴት በመስኮት ስልክ ብትደቅንባት ምን ትላለች? ቲክቶኩን የምትወደው ጓደኛሽ ላይ አትጨክኚባት። አደባባዩ ላይ፣ ዝግባዎቹ ጋ እንደልቧ ትጨፍር። ቤተ ክርስቲያን ውስጥና መቃብር ላይ ግን አይሆንም።

ካህኑን «አቡና» ነው የሚሏቸው። አንቺ ታውቂዋለሽ፣ አዲስ የመጣች ካለች ግን ንገሪያት። እኛ ጋ «አቡነ» ማለት ጳጳስ ስለሆነ፣ በየመንደሩ ጳጳስ ያለ ይመስላታል። የመንደር ቄስ ናቸው። ልጆች እየተከተሏቸው ብታይም አትገረሚ፤ እንደ እኛ ቀሳውስት ያገቡ ሰዎች ይቀስሳሉ። ሚስታቸው «ኹሪዬ» ትባላለች፣ ብዙ ጊዜም የመንደሩን ቁልፍ የያዘችው እሷ ናት፤ የተዘጋ ቤተ ክርስቲያን ለማየት ከፈለጋችሁ እሷን ጠይቁ። ቄሱ ፊት ተንበርክካችሁ መስቀል እስኪሰጧችሁ አትጠብቁ፣ በእጅ መስቀል የማሳለም ልማድ የላቸውም። «ማርሐባ አቡና» ብሎ ጎንበስ ማለት ይበቃል።

ቀጥሎ የቦታው ጉዳይ። በአንድ ቀን ሁሉን ለማየት የሚሞክር ሰው ምንም ሳያይ ይመለሳል። ብሻሪ ከባሕር ወለል በላይ 1,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። ቤቶቹ ከገደሉ አፋፍ ላይ ናቸው፣ መሐላቸው የማር ሳባ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ማማ ይዞ ቆሟል። ጠዋት እዚያ አስቀድሱ። ከዚያ አንዱን ምረጡ። ወደ ላይ ከወጣችሁ ዝግባዎቹ አሉ፣ ዳዊት ስትደግሚ ስማቸውን የምታነሻቸው የሊባኖስ ዝግባዎች። በአጥር የተጠበቁ ናቸው፣ ከመንገዱ አትውጡ፣ ቅርፊትም ለበረከት ብላችሁ አትላጡ። ወደ ታች ከሄዳችሁ ሸለቆው ነው። ሸለቆውና ዝግባዎቹ በ1998 የዓለም ቅርስ ሆነዋል። ቀኑቢን ገዳም ከ1440 ጀምሮ ለብዙ ዘመን የፓትርያርኮቻቸው መንበር ነበር። ግን በእግር ነው የሚደረሰው፣ መውረዱ ቀላል ነው፣ መውጣቱ ላይ እመብርሃን ትርዳችሁ።

እኔ ብሆን ግን ቁዝሐያን ነው የምመርጠው። በመኪና ይደረሳል። የቅዱስ እንጦንስ ገዳም ነው፣ አለቱን ፈልፍሎ የገባ። በ1610 መዝሙረ ዳዊት የታተመበት ቦታ ነው፣ በሱርስትና በሱርስት ፊደል በተጻፈ አረብኛ። (የእኛም የመጀመሪያው የግዕዝ መጽሐፍ ሮም ላይ በ1513 ሲታተም ዳዊት ነበር።) ከገዳሙ አጠገብ ዋሻ አለ። ዋሻው ውስጥ ሰንሰለት ታያላችሁ። ድሮ አእምሮው የታመመ ሰው ቅዱሱ እንዲፈውሰው እዚያ ታስሮ ያድር ነበር። ጠበል ቦታ ያደግሽ ከሆነ ሳይነገርሽ ይገባሻል። ሌላው ጎብኚ «ውይ፣ ጭካኔ!» ብሎ ፎቶ ያነሳል፣ ያ ሰንሰለት ላይ ተንተርሳ የጸለየች የሰው እናት እንዳለች አይታየውም። እናንተ ዝም ብላችሁ ሻማ አብሩ፣ ሳጥኑ ውስጥ የአቅማችሁን ጣሉ። ሸለቆው ውስጥ ዛሬም የዘጉ መናንያን አሉ፣ «ሐቢስ» ይሏቸዋል። በራቸውን ለማየት ብቻ አታንኳኩ።

ቡናውን ጠይቀሻል። መንደር ውስጥ ስታልፉ «ትፈደሉ!» የሚል ከየበረንዳው ትሰማላችሁ። ይሄ እንደ እኛ «እንብላ» ነው። ማለፊያ ሰላምታ ነው እንጂ ሁልጊዜ ግብዣ አይደለም። «የስለሙ» ብላችሁ እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጋችሁ እለፉ። ሁለተኛም ሦስተኛም ካሉ፣ ከወንበራቸው ከተነሱ፣ ያኔ ከልባቸው ነው። ግቡ። አምስት ሆናችሁ ስለሆነ ግን ብዙ አትቆዩ። አንድ ሲኒ ይበቃል፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ የሚባል ነገር የለም። እኔ መጀመሪያ ጊዜ ሁለተኛውን እየጠበቅኩ አንድ ሰዓት ተኩል ተቀምጬአለሁ! ሴትየዋ ደግሞ እኔ ካልተነሳሁ መነሳት አልቻለችም። ስኳሩ አብሮ ስለሚፈላ ስኳር የሚጠየቀው ከመፍላቱ በፊት ነው። አተላው ሥር ይቀራል፣ አትጨልጡት። ሲኒውን ስትመልሱ «ዳይሜ» በሉ፣ ቤታችሁ ቡና አይጥፋው እንደ ማለት ነው። ለምግብ ከሆነ «የስለሙ ኢደይኪ»፣ እጅሽ ይባረክ።

የእሑድ ምሳ ካጋጠማችሁ ክቤ ናዬ ሊቀርብላችሁ ይችላል። ጥሬ ሥጋ ነው፣ በቡርጉል (በተከካ ስንዴ) የተወቀጠ። የሰሜኑ ሰው በእሱ ይኮራል። ፈረንጅ እንግዳ እዚህ ላይ ነው ላብ የሚያጠምቀው፣ ሐበሻ ግን ክትፎ ያሳደገው ነው። መስከረም ውስጥ እሑድ ስለሆነ ጾም አይዛችሁም፤ ጽጌን የምትጾሙ ካላችሁ ከ26 በፊት ሂዱ። ሌላ ጊዜ ጾም ላይ ብትጋበዙ ግን «አና ሳይሜ» ማለት በቂ ነው። ጾም ምን እንደሆነ ለእነሱ ማስረዳት አያስፈልግም። ምስሩንና በዘይት የተሠራውን ባቄላ አምጥተው ይደረድሩላችኋል።

መስከረም የፖም ጊዜ ነው። ዛፉ መንገድ ላይ ዘንበል ብሎ ቢጠብቃችሁም አትቀንጥሱ። ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቁት ገቢያቸው ነው። ጠይቁ፣ ወይም አንድ ኪሎ ግዙ፣ ሁለት ኪሎ ይሰጧችኋል። ጣራና በረንዳ ላይ ነጭ አንሶላ ተዘርግቶ ካያችሁ ደግሞ አትርገጡ፣ አትንኩ። ኪሽክ ነው፣ እርጎና ቡርጉል ለክረምት እየደረቀ። እኛ ክረምት ሳይገባ ሽሮና በርበሬ እንደምናዘጋጅ ማለት ነው። ዕድለኛ ሆናችሁ በሴፕቴምበር 14 አካባቢ ከሄዳችሁ፣ በእኛ መስከረም 4 ገደማ፣ የእነሱ የመስቀል በዓል ነው። በተራራው ላይ እሳት ያቀጣጥላሉ። ደመራ ናፍቆሽ ከሆነ አሥራ ሦስት ቀን ቀድሞ ይመጣልሻል።

ደወሉ ቀስ እያለ፣ እያረፈ ከተደወለ ግን ሰው ሞቷል ማለት ነው። ያን ቀን ጉብኝቱን ተዉት። ለቀስተኛ ሲያልፍ ቁሙ፣ «አላህ የርሐሞ» በሉ። በየመንገዱ የተሰቀሉ የሟች ወጣቶች ፎቶዎችንም ታያላችሁ። ከ1975 እስከ 1990 የቆየው ጦርነት እያንዳንዱ ቤት ገብቷል። ማን ከማን ጋር ነበር ብላችሁ አትጠይቁ። ስለ ፓርቲና ስለ ባንዲራም ቢሆን ሰው ካነሣ አዳምጡ እንጂ አትፍረዱ።

አሁን ወደ ሴትዮዋ። እህቴ፣ «የማን ሠራተኛ ናችሁ» የሚለውን ጥያቄ በአለባበስም በጨዋነትም ማስቀረት አትችዪም። ስንት ዓመት ሙሉ እዚያ አገር የሐበሻ ሴት በ«ከፊል»፣ ማለት በአሠሪዋ ስም ስትጠራ ኖራለች። ያ የእናንተ ጥፋት አይደለም። እንዳትዋረዱ ብለሽ አንገትሽን ደፍተሽ እንዳትሄጂ ነው የምፈራው። ሲጠይቁሽ ፈገግ ብለሽ «ነሕና ዙዋር» በዪ፣ ጎብኚዎች ነን፣ ለመሳለም መጣን። ዙዋር የሚለው ቃል ተራራ ላይ ክብር አለው። ሌላ ማብራሪያ አትጨምሪ።

በቤታቸውም እንግዳ ሁኚ። አንድ ነገር አስተውያለሁ፤ እኛ እዚያ አገር ሲኒ ባዶ ሲሆን እጃችን ሳናስበው ይነሳል። ሰብስበን ወደ ወጥ ቤት እንሄዳለን። አሮጊቷ ብቻቸውን ከሆኑ «ልርዳዎት» ማለት ጨዋነት ነው። «ላ፣ ላ» ካሉ ቁጭ በዪ። እሑድሽ ነው። ትልልቆቹን ሴቶች «ኻልቶ» ወይም «ቴታ»፣ ወንዶቹን «ዐሞ» በሏቸው። ማዳምና ሚስተር የሚለውን ዶራ ትታችሁት ሂዱ።

ደግሞ እወቂ፣ ወደዚያ ሸለቆ የገባሽ የመጀመሪያዋ ሐበሻ አይደለሽም። በአሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት የእኛ መነኮሳት ቃዲሻ ውስጥ ይኖሩ ነበር። ከብሻሪ ማዶ ኤህደን ላይ «ማር ያዕቆብ አልአሕባሽ» የሚባል ገዳም ነበር፣ የሐበሾቹ ቅዱስ ያዕቆብ። በሃይማኖት ክርክር ምክንያት ኋላ ለቀው ሄዱ። ከዚያም ወዲያ ብንሄድ፣ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ራሳቸው የጢሮስ ሰው ናቸው፣ ጢሮስ ደግሞ ዛሬ «ሱር» የምትሉት የሊባኖስ ከተማ ነው። ይሄን ለመንደሩ ሰው ልታስተምሪ አትሂጂ። አንገትሽን ቀና ለማድረግ ግን ይበቃሻል።

ባዶ እጅ መሄድ ካሳፈራችሁ፣ ለምትገቡበት ቤት ገንዘብ አትስጡ፣ ይቆጣሉ። ቤታችሁ የቆላችሁትን ቡና በትንሽ ከረጢት ያዙ። የእኛን ቡና ሽታ የሚያውቅ ሰው እዚያ ብዙ ነው።

የመንገዱ ነገር። ከዶራ ቀጥታ ብሻሪ የሚሄድ ቫን ካገኛችሁ እሰየው፣ ካልሆነ እስከ ትራቡሉስ (የሊባኖሷ ትሪፖሊ) ሄዳችሁ ከዚያ ያዙ። መንገዱ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል ብላችሁ አስቡት። ለቁዝሐያ ብሻሪ ላይ ታክሲ ያስፈልጋችኋል፣ ሳትሳፈሩ ዋጋውን፣ ደርሶ መልስ መሆኑንና የሚጠብቃችሁን ሰዓት ተነጋገሩ። በዋዜማው ዜና ስሙ፣ መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠይቁ። የሠራዊት ኬላ ስላለ ኢቃማችሁን (የመኖሪያ ፈቃዳችሁን) ዋናውን ያዙ፣ ፎቶ ኮፒ አይበቃም። ከአምስቱ አንዷ ኢቃማዋ ያለፈባት ከሆነ ለሽርሽር ብላችሁ አታጋልጧት፤ ቤሩት ውስጥ አብራችሁ የምትውሉበት ሌላ እሑድ አይጠፋም።

ጠዋት ስትወርዱ ሾፌሩን የመጨረሻው ቫን ስንት ሰዓት እንደሚወጣ ጠይቁት። እሑድ ቶሎ ያልቃል። ሹራብ ያዙ፣ ቀን ፀሐይ ቢሆንም ማታ ከገደሉ የሚነሳው ንፋስ አጥንት ይገባል።